ባለውሉ ለምን ያታልላል? በብሪጅ የተፈቀደውና የተከለከለው ብልጠት

አንድ የካርታ ተጫዋች ንግሥት መጣል ሲችል ንጉሥ ይጥላል። ዙሩን በንግሥቷም ያሸንፈው ነበር። ታዲያ ትልቁን ካርታ ለምን አባከነ? ከጀርባው ቆሞ የሚያይ ጀማሪ "ተሳሳተ" ይላል። አልተሳሳተም። አሁን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዋሽቷል። ውሸቱም በጨዋታው ሕግ የተፈቀደ ነው።

ብሪጅ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ማታለልና ማጭበርበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል። ለዚህ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ደረጃ የታወቁ በርካታ ጥንዶች በድብቅ ምልክት ይነጋገራሉ ተብለው ተከሰሱ። የጨዋታዎቻቸው ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ተመረመሩ፤ ነገሩም ከብሪጅ ዓለም አልፎ ዜና ሆነ። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ "ብሪጅ ላይ ማታለል ጥበብ ነው" ሲባል ቢሰማ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

እኔ ይህን ጥበብ በጣም ነው የምወደው። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ፣ ብሪጅ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እንዲከተለኝ አድርጌ ላስረዳ።

መጀመሪያ ነገር፣ ብሪጅ እንዴት ነው የሚጫወተው?

አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቧደናሉ። ጓደኛሞች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። 52ቱ ካርታዎች ይታደላሉ፤ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። ለመጥራት እንዲቀል ተጫዋቾቹ በአቅጣጫ ይሰየማሉ። ሰሜንና ደቡብ አንድ ወገን ናቸው፣ ምሥራቅና ምዕራብ ሌላ ወገን።

ዙር የምለው አራቱም አንድ አንድ ካርታ ጥለው ትልቁ የሚያሸንፍበትን ነው። በጠቅላላው 13 ዙር አለ። የካርታዎቹ ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ ከዚያ ከ10 እስከ 2 ነው። ዙሩን የከፈተው ሰው ልብ ከጣለ ሌሎቹም ልብ ካላቸው የግድ ልብ ይጥላሉ። ስፔድ፣ ዳይመንድና ክለብ የሚባሉት ሌሎቹ ዓይነቶችም እንደዚሁ።

ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። ሁለቱ ወገኖች "ይህን ያህል ዙር እናሸንፋለን" እያሉ ይጫረታሉ። አሸናፊው ወገን አንዱን ዓይነት ከሌሎቹ በላይ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህ ትራምፕ ይባላል። በእጁ የተከፈተው ዓይነት ያለቀበት ሰው በትራምፕ ቆርጦ ዙሩን መውሰድ ይችላል። ትራምፕ የሌለበት ጨዋታ ደግሞ ኖትራምፕ ይባላል።

ጨረታው የቆመበት ቁጥር ውል ይሆናል። ውሉን የሚያስፈጽመው ተጫዋች በእንግሊዝኛ ዲክላረር ይባላል፤ እኔ እዚህ ባለውል እለዋለሁ። ሁለቱ ተቃራኒዎቹ ተከላካዮች ይባላሉ፤ በስተግራው ያለው ተከላካይ የመጀመሪያውን ካርታ ይጥላል። ወዲያው የባለውሉ ጓደኛ 13ቱንም ካርታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም እንዲታዩ ይዘረጋል። ይህ የተዘረጋ እጅ ዳሚ ይባላል። ጓደኛው ከዚህ በኋላ በጨዋታው ላይ ሐሳብ አይሰጥም። ከሁለቱም እጅ የትኛው ካርታ እንደሚጣል የሚወስነው ባለውሉ ብቻውን ነው።

ጨዋታው ዊስት ከሚባል የቆየ ጨዋታ የተወለደ ነው። ዛሬ ለሚታወቀው የነጥብ አቆጣጠር መሠረት የጣለው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው፤ ጊዜውም 1925 ነበር። ከታሪኩ ለዛሬው የሚያስፈልገን ይህን ያህል ነው።

ማታለል ለባለውሉ የሚመቸው ለምንድን ነው?

እያንዳንዱ ተጫዋች 26 ካርታ ያያል፣ የራሱን 13 እና የዳሚውን 13። በቁጥር ሲታይ ሁሉም እኩል ነው። ግን እኩል አይደለም። ባለውሉ የሚያያቸው 26 ካርታዎች በሙሉ የሱ ወገን ናቸው። ኃይሉንም ድክመቱንም ጥርት አድርጎ ያውቃል። ተከላካዩ ግን የጓደኛውን እጅ አያይም። ወገኑ ምን እንዳለው የሚያውቀው በግምት ነው።

ሁለቱን ተከላካዮች በጨለማ ደረጃ ላይ ትልቅ ቁም ሣጥን እንደተሸከሙ ሰዎች አስቧቸው። አንዱ ከላይ ነው፣ ሌላው ከታች። እያንዳንዱ የሚዳስሰው የራሱን ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ይነጋገራሉ፦ "ወደ ግራ"፣ "ቆይ"፣ "ቀጥል"። ከሁለቱ አንዱ ቢዋሽ ቁም ሣጥኑ እላያቸው ላይ ይወድቃል። በብሪጅ ይህ ንግግር የሚካሄደው በካርታ ነው። ተከላካዩ የሚጥለው ትንሽም ሆነ ትልቅ ካርታ ለጓደኛው መልእክት ነው። ባለውሉን ላታልል ብሎ የውሸት መልእክት ቢልክ መጀመሪያ የሚሳሳተው ጓደኛው ሊሆን ይችላል።

ባለውሉ ይህ ጭንቀት የለበትም። ጓደኛው ካርታውን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ የሚሳሳት ሰው የለውም። ስለዚህ የሚጥለው እያንዳንዱ ካርታ ያለ ዋጋ ሊዋሽ ይችላል። በሁለቱ ተከላካዮች ንግግር መካከልም እንደ ጫጫታ መግባት ይችላል።

ይህ ከማጭበርበር በምን ይለያል?

መስመሩ ግልጽ ነው። የብሪጅ ሕግ አንቀጽ 73 ተቃራኒን በካርታ ወይም በጨረታ ማሳሳትን ይፈቅዳል፤ ከጓደኛ ጋር በተደረገ ድብቅ ስምምነት እስካልተደገፈ ድረስ። በሌላ ነገር ማሳሳትን ግን ይከለክላል። በንግግር፣ በጥያቄ፣ በምልክት፣ በመቸኮል ወይም በመዘግየት ተቃራኒን ማታለል አይቻልም። ሕጉ ራሱ የሚሰጠው ምሳሌ ደስ ይላል። በእጅህ ያለህ የዚያ ዓይነት ካርታ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ ምርጫ እንዳለው ሰው መስለህ እያሰብክ መዘግየት አትችልም።

ኳስ ተጫዋች ወደ ግራ አስመስሎ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ማንም አይቆጣውም። በእግሩ ነው ያታለለው። ብሪጅ ላይም እግሩ ካርታው ነው። ፊት፣ ድምፅና ሰዓት አይደሉም።

ስለ ተከላካዮቹ ምልክትም አንድ ነገር ልጨምር። በካርታ መነጋገራቸው ሕጋዊ የሆነው ቋንቋው ምስጢር ስላልሆነ ነው። ባለውሉ "ትንሽ ካርታ ስትጥሉ ምን ማለታችሁ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ስምምነታቸውን መንገር ግዴታቸው ነው። በ2015ቱ ክስ ችግር የሆነው በካርታ መነጋገር አልነበረም። ክሱ ማንም የማያውቀው ድብቅ ቋንቋ ተጠቅመዋል የሚል ነበር።

ከሁለት እኩል ካርታዎች የትኛውን ልጣል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ንግሥቷ ስትበቃ ንጉሡ ለምን ተጣለ?

ጨዋታው ኖትራምፕ ነው እንበል። ባለውሉ ደቡብ ነው። በስፔድ ካርታዎቹ እንዲህ ተከፋፍለዋል። ምዕራብ አስ፣ 10፣ 8፣ 5፣ 2 አለው። ዳሚው 9፣ 6፣ 3 አለው። ምሥራቅ ጃክና 4 አለው። ደቡብ ንጉሥ፣ ንግሥትና 7 አለው።

ምዕራብ 5ን ይከፍታል። ከዳሚው 3 ይጣላል። ምሥራቅ ጃኩን ይጥላል። ደቡብ በንጉሥም በንግሥትም ማሸነፍ ይችላል። ለሱ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በመካከላቸው ሌላ ካርታ የለም። ለምዕራብ ግን እኩል አይደሉም። እዚህ ላይ ነው ሙሉ ጥበቡ ያለው።

ደቡብ በንግሥት ቢያሸንፍ ምዕራብ እንዲህ ያስባል፦ "ጓደኛዬ ንጉሥ ቢኖረው ኖሮ ጃክ አይጥልም ነበር። ሦስተኛ የሚጫወት ሰው ያለውን ትልቅ ይጥላል። ስለዚህ ንጉሡ ደቡብ ዘንድ ነው።" ነገሩ ተገለጠ። ምዕራብ ከዚህ በኋላ በራሱ ስፔድ አይከፍትም። ጓደኛው ዙር እስኪያሸንፍና ስፔድ ወደሱ እስኪልክ ይጠብቃል። ያኔ የደቡብ ሁለተኛ ትልቅ ካርታ በአሱ ይያዛል፤ ቀሪዎቹ የምዕራብ ስፔዶች በሙሉ ዙር ያመጣሉ።

ደቡብ በንጉሥ ቢያሸንፍስ? ተከላካዮች ተከታታይ ካርታ ሲኖራቸው፣ ለምሳሌ ንግሥትና ጃክ፣ ሦስተኛ ሲጫወቱ ትንሹን ይጥላሉ። ስለዚህ ምሥራቅ ጃክ የጣለው ንግሥትም ስላለው ሊሆን ይችላል። ምዕራብ አሁን በተስፋ ይሞላል። ተራው ሲደርሰው ትንሽ ስፔድ ጥሎ የጓደኛውን ንግሥት ይጠብቃል። ንግሥቷ ከደቡብ እጅ ትወጣለች። ደቡብ የማይገባውን ዙር በነፃ አገኘ።

ብዙ ጀማሪ "ትልቁን ልያዝ፣ ትንሹን ልጣል" ይላል። ለተከላካይ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለጓደኛው እውነቱን ይነግረዋል። ለባለውል ግን ለተቃራኒ ምስጢር መንገር ነው። ብዙውን ጊዜ ለባለውል የሚሻለው ከእኩዮቹ ትልቁን መጣል ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ "ይህን ካርታ ሳይ እኔ ምዕራብ ብሆን ምን አስብ ነበር?" የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው።

ትንንሾቹ ካርታዎች ምን ያደርጋሉ?

እውነተኛው ድራማ ያለው እዚህ ነው፤ 2፣ 3 እና 7 ላይ። ሰዎች ንጉሥና አስ ያያሉ። ጥሩ ባለውል ግን በትንንሾቹ ነው የሚኖረው።

በተለመደው የተከላካዮች ቋንቋ፣ ጓደኛህ ትልቅ ካርታ ሲከፍት አንተ ከፍ ያለ ካርታ ከጣልክ "ቀጥል" ማለት ነው። ዝቅተኛውን ከጣልክ "ተው፣ ሌላ ሞክር" ማለት ነው። ችግሩ "ከፍ ያለ" የሚባለው ከምን አንጻር ነው? 3 ትንሽ ይመስላል። ግን 2 የት እንዳለ ካላወቅን 3 ትንሹ ይሁን ትልቁ አናውቅም። ባለውሉ የሚገባባት ቀዳዳ ይቺ ናት።

ምሳሌ ልስጥ። ትራምፕ ስፔድ ነው፤ የምናየው ዓይነት ግን ልብ ነው። ምዕራብ አስ፣ ንጉሥ፣ 10፣ 8 አለው። ዳሚው 9፣ 6፣ 4። ምሥራቅ ጃክ፣ 5፣ 3። ደቡብ ንግሥት፣ 7፣ 2።

ምዕራብ የልብ አስ ይከፍታል። ምሥራቅ 3 ይጥላል፤ "ተው" ማለቱ ነው። ደቡብስ? ሳያስብ 2ን ቢጥል ምዕራብ ወዲያው ይገባዋል፦ "2 ታየ። ከቀሩት ሁሉ ትንሹ 3 ነው። ጓደኛዬ ተው እያለኝ ነው።" ሌላ ዓይነት ይከፍታል። የደቡብ ንግሥትም ዙር ሳታመጣ ልትቀር ትችላለች፤ በምዕራብ ንጉሥ ፊት ናትና።

ደቡብ 2ን ደብቆ 7ን ቢጥልስ? ምዕራብ ጠረጴዛው ላይ 3 እና 7 ያያል። 2 የለም። "2 የት አለ? ጓደኛዬ ዘንድ ከሆነ 3 የጣለው ከ2 በላይ አድርጎ ነው፤ ቀጥል እያለኝ ነው። ምናልባት 3 እና 2 ብቻ ይዞ ሦስተኛውን ዙር በትራምፕ ሊቆርጥ ፈልጎ ይሆናል።" ንጉሡን ይጥላል። ደቡብ በደስታ 2ን ይሰጣል። አሁን አሱም ንጉሡም አልቀዋል፤ የደቡብ ንግሥት ከቀሩት ልቦች ሁሉ ትልቋ ሆነች።

ምሥራቅ እውነቱን ተናግሮ ነበር። ደቡብ አንዲት 2 በመደበቅ የምሥራቅን "ተው" ወደ "ቀጥል" ቀየረው።

ለማስታወስ የሚቀል መንገድ አለ። ባለውሉ ራሱን እንደ ሦስተኛ ተከላካይ ይቁጠር። እንዲቀጥሉ ከፈለገ ከፍ ያለ ካርታ ይጣል። እንዲያቆሙ ከፈለገ ትንሹን ይጣል። ይህ ብልሃት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። የባለውሉ ትንሽ ካርታ ሲደበቅ የተከላካዩ ካርታ ከፍ ይላል፤ ሲታይ ደግሞ ዝቅ ይላል።

ትልቅ ካርታ በከንቱ መጣልስ ጥቅም አለው?

አለው። አንዳንዴ ባለውሉ ንግሥት ጥሎ ደሃ መስሎ ይታያል።

ጨዋታው በትራምፕ ነው። በክለብ ምዕራብ አስ፣ ንጉሥ፣ 9፣ 7፣ 5 አለው። ዳሚው 10፣ 8፣ 4። ምሥራቅ አንዲት 2 ብቻ ናት ያለችው። ደቡብ ንግሥት፣ ጃክ፣ 6፣ 3 አለው። ምዕራብ አሱን ይከፍታል፤ ምሥራቅ 2ን ይጥላል። አደጋው ግልጽ ነው። ምዕራብ ንጉሡን ደግሞ ሦስተኛ ክለብ ቢጥል ምሥራቅ በትራምፕ ይቆርጣል። ሦስት ዙር በተከታታይ ሄደ ማለት ነው።

ደቡብ ፊቱን ሳይቀይር ንግሥቷን ይጥላል። ምዕራብ ደነገጠ። "ደቡብ ክለብ ያለው ይቺ ብቻ ናት! ንጉሤን ብጥል በትራምፕ ይቆርጠዋል።" የምሥራቅ 2ም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ያገኛል፤ ብዙ ክለብ ካለው ሰው እጅ የወጣች "ተው" ትመስላለች። ምዕራብ ወደ ሌላ ዓይነት ይዞራል። ደቡብ ትራምፑን ሰብስቦ የምሥራቅን መቁረጫ ያሳጣዋል።

ዋጋው ትንሽ ነው፤ ንግሥትና ጃክ ተከታታይ ስለሆኑ ጃኩ ቦታዋን ይሸፍናል። ግን አስተውሉ። ደቡብ ንግሥቷን የጣለው ጊዜ ሳያባክን መሆን አለበት። አንድ ደቂቃ አስቦ ከጣላት ምዕራብ "አንድ ካርታ ብቻ ያለው ሰው ምን ያስባል?" ይላል። ታሪኩ ፈረሰ።

ደካማውን ጎን ራስህ ብትከፍተውስ?

ድፍረት የሚጠይቅ ነው። ኖትራምፕ ላይ ባለውሉ በክለብ በጣም ደካማ ነው እንበል። በእጁ 8 እና 5፣ በዳሚው ጃክ፣ 7፣ 3። ተከላካዮቹ ቢያውቁ ክለብን ጠራርገው ይወስዳሉ። ደግሞም ባለውሉ ከዙሮቹ አንዱን ማስረከቡ አይቀርም።

አንዳንድ ባለውሎች በሁለተኛው ዙር ከዳሚው ትንሽ ክለብ ይጥላሉ፤ ክለብን ሊያጎለብቱ እንደፈለጉ አስመስለው። ተከላካይ ዙሩን በርካሽ ያሸንፍና ያስባል፦ "ባለውሉ ክለብ ላይ ሊሠራ ነው። ታዲያ እኔ ለምን አግዘዋለሁ?" ወደ ሌላ ዓይነት ይሄዳል። በርህን ራስህ ከከፈትከው ሌባው ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ያስባል፤ ነገሩ እንደዚያ ነው።

ይህን በየጨዋታው የሚሞክር ሰው ብዙ ይከስራል። የሚሆነው ተከላካዮቹ ተራ ካገኙ ክለብን ማግኘታቸው በማይቀርበት ጊዜ ነው። ያኔ የሚጠፋው ቢጠፋም ሊጠፋ የነበረ ነው።

ዙር እየሰጡ ማትረፍም አለ?

አለ፤ ከዊስት ዘመን የተወረሰ ነው። በእንግሊዝ ከተማ በባዝ ስም ይጠራል። ምዕራብ ከንጉሥ፣ ንግሥትና 10 ንጉሡን ይከፍታል። ደቡብ አስ፣ ጃክና 4 አለው። አሱን አይጥልም፤ 4ን ሰጥቶ ዙሩን ይለቃል። ምዕራብ ከቀጠለ የደቡብ አስና ጃክ ሁለቱም ያሸንፋሉ። እዚህም ሥራው ያለው ትንሿ ካርታ ላይ ነው። ደቡብ ከአንድ በላይ ትንሽ ካርታ ካለው ምዕራብን የሚያበረታታውን ይመርጣል።

ሌላው ንግሥትን ያለ ጃክ መክፈት ነው። ዳሚው አስ፣ 6፣ 4፤ ደቡብ ንግሥት፣ 9፣ 3። በሥርዓቱ ከዳሚው ትንሽ ካርታ ወደ ንግሥቷ መጣል ነበር። ይህ የሚሠራው ንጉሡ ምሥራቅ ዘንድ ሲሆን ነው። ግን ከጨረታው ንጉሡ ምዕራብ ዘንድ እንዳለ ካወቀ ደቡብ ምን ያድርግ? ንግሥቷን ራሷን ከእጁ ይከፍታል። ምዕራብ "ንግሥት፣ ጃክ፣ 10 ቢኖረው ነው እንዲህ የደፈረው። ንጉሤን ብጥል በአሱ ይበላል፤ የማተርፈው የለም" ብሎ ትንሽ ካርታ ይጥላል። ተከላካዮች ሲማሩ የሚነገራቸውም ከተከታታይ ካርታዎች የመጀመሪያውን አትሸፍኑ ተብሎ ነው። ንግሥቷ ዙሩን አሸነፈች። ደቡብ የተጠቀመው የምዕራብን ጥሩ ትምህርት ነው። ለኔ ከሁሉም የሚያምረው ይሄኛው ነው፤ የሚሠራው ባወቀ ሰው ላይ ነዋ።

ረጅም ዓይነት ያለው ባለውል ደግሞ ያንን ዓይነት አከታትሎ ይጥላል። ተከላካዮቹ ዓይነቱ ሲያልቅባቸው ምን እንደሚጥሉ መምረጥ ይጀምራሉ። የባለውሉን እጅ ካላወቁ አስፈላጊውን ጥለው የማይረባውን ይይዛሉ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሌሎቹን ዓይነቶች ምስጢር አለማባከን ነው።

መቼ ነው የሚወሰነው?

ከመጀመሪያው ካርታ በፊት። ዳሚው ሲዘረጋ ጥሩ ባለውል ካርታ ለመጥራት አይቸኩልም። ሙሉውን እቅድ ያኔ ያወጣል። "ምዕራብ ይህን ቢቀጥል እፈልጋለሁ ወይስ እፈራለሁ? 2ን ልደብቅ ወይስ ላሳይ?" ሁሉንም እዚያው ይመልሳል። በዚያ ሰዓት ማሰብ ማንንም አያስደንቅም፤ የሚጠበቅ ነው። በኋላ፣ ወሳኙ ጊዜ ሲመጣ ካርታው እንደ ተራ ካርታ ይወርዳል።

እየዘገዩ ሆን ብሎ ማሳሳት ክልክል ነው ብለናል። ግን ባለውሉ በቅንነት ቢያስብና ተቃራኒው ከማሰቡ ተነሥቶ የተሳሳተ ግምት ቢወስድ፣ ሕጉ ግምቱን የራሱ ኃላፊነት ያደርገዋል። ስለዚህ ቀድሞ ማሰብ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

የማይሠራውስ መቼ ነው?

ተከላካዩ ካርታ የማይከታተል ጀማሪ ከሆነ አይሠራም። 2 የት እንዳለ የማይጠይቅ ሰውን 2 በመደበቅ ማታለል አይቻልም። ማታለል የሚያስብ ሰው ይፈልጋል።

በጣም ጎበዝ ተከላካይም ያመልጣል፤ ግን በሌላ መንገድ፣ በመቁጠር። ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። ደቡብ ስፔድን በንጉሥ አሸንፎ ንግሥቷን ደብቋል። ምዕራብ ግን ጨረታውን ያስታውሳል። በተለመደው አቆጣጠር አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ናቸው። በጠቅላላው 40 ነጥብ አለ። ደቡብ ጨረታውን ሲከፍት ቢያንስ 15 ነጥብ እንዳለው ተናግሯል። ዳሚው ላይ 10 ነጥብ ይታያል። ምዕራብ ራሱ 11 አለው። ከ40 ላይ 21 ሲነሣ 19 ይቀራል። ከዚያ 15ቱ የደቡብ ከሆኑ ለምሥራቅ የሚተርፈው ቢበዛ 4 ነው።

ምሥራቅ በስፔድ ጃክ 1 ነጥብ አሳይቷል። ከጥቂት ዙር በኋላ ደቡብ የዳይመንድ አስ ሲጥል የምሥራቅ ንግሥት ከሥሩ ወደቀች፤ 2 ነጥብ። ድምሩ 3 ሆነ። የስፔድ ንግሥትም የሱ ብትሆን 5 ይሞላል፤ ከ4 አልፏል። ምዕራብ ተራው ሲደርስ ስፔድ አይነካም። ልብ ይከፍትና ተራው ምሥራቅ ዘንድ እስኪደርስ በትዕግሥት ይጠብቃል። የደቡብ ንግሥትም እጁ ውስጥ እንዳለች ትጠመዳለች።